ሣጥን 12ን ሳታዩ ቅጣት አትክፈሉ

ሀና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ በአሜሪካ ታክስ ስንሞላ ብዙ ሰው ስለሚያስጨንቀው የጤና ቁጠባ ሒሳብ፣ ኤችኤስኤ ስለምንለው፣ ከታክስ በፊት ለሕክምና ገንዘብ ስለሚቀመጥበት ሒሳብ፣ እንነጋገራለን። ከቨርጂኒያ አንዲት እህታችን ጽፋልናለች። የ2025 ታክሷን በኮምፒውተር ራሷ ስትሞላ ፕሮግራሙ «ከተፈቀደው በላይ አስቀምጠሻል» ብሎ 216 ዶላር ቅጣት አወጣባት። «ገንዘቡ በሙሉ ከደመወዜ ተቆርጦ የገባ ነው፤ በእጄ አንድ ሳንቲም አልጨመርኩም። ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» ትላለች።

ዳዊት፦ መጠየቋ ደግ አደረገች። ስንት እንደተቆረጠባት ነግራሻለች?

ሀና፦ አዎ። በዓመቱ ከደመወዟ 3,600 ዶላር ተቆርጧል፤ አሠሪዋ ደግሞ 700 ዶላር ጨምሮላታል። ኢንሹራንሱ ለእሷ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ የለበትም።

ዳዊት፦ ድምሩ 4,300 ነው። በ2025 ለአንድ ሰው የተፈቀደውም ልክ 4,300 ዶላር ነው። ስለዚህ በአንድ ዶላር እንኳ አላለፈችም። አሁን ደብሊው ቱዋን፣ አሠሪዋ በየዓመቱ የሚሰጣትን የደመወዝና የታክስ ወረቀት፣ ታውጣና ሣጥን 12ን ትመልከት። ደብሊው ከሚለው ፊደል አጠገብ 4,300 ተጽፎ ታገኛለች። ሰዉ የሚሳሳተው እዚች ቦታ ላይ ነው። ቁጥሩ የአሠሪ መዋጮ ተብሎ ስለሚጠራ፣ አሠሪው ከኪሱ የሰጣት 700 ዶላር ብቻ ይመስላታል። ከታክስ በፊት ከደመወዟ የተቆረጠው 3,600ም ግን እዚያው ውስጥ ተደምሯል። በሕጉ ዓይን ሁለቱም የአሠሪ መዋጮ ናቸው።

ሀና፦ ከዚያ ፕሮግራሙ «አንቺስ ስንት አስገባሽ?» ሲላት 3,600 ብላ ጻፈች ማለት ነው።

ዳዊት፦ አዎ፤ ስለ ኤችኤስኤ በሚሞላው በቅጽ 8889 መስመር 2 ላይ ገባ። የአሠሪ መዋጮ በሚጻፍበት መስመር 9 ላይ ደግሞ 4,300 ተቀምጧል። አንዱ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ተቆጠረና 7,900 ሆነ። ከተፈቀደው በ3,600 አለፈ፤ የዚያ ስድስት በመቶ 216 ዶላር ነው። ቅጣቱ ይኸው ነው። መስመር 2 ከራስ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ወደ ኤችኤስኤ ለተላከ ገንዘብ ብቻ የተተወ ቦታ ነው። እሷ እንዲህ ያለ ገንዘብ ስላላከች ዜሮ ታድርገው፤ ቅጣቱም ይነሣል።

ሀና፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፍ እያዳፋት ታክስ ስትሞላ «መንግሥት ካለ ልክፈል» ብላ የማይገባትን የምትከፍል ብዙ ሰው አለች።

ዳዊት፦ ደንግጦ ገንዘቡን ከሒሳቡ የሚያወጣም አለ፤ ያ ይብሳል። ከተፈቀደው ያለፈ ትርፍ ሳይኖር፣ ለሕክምና ሳይውል የወጣ ገንዘብ እንደ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል። ባለቤቱ 65 ዓመት ካልሞላው በላዩ 20 በመቶ ይጨመርበታል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወረቀቱን ማየት ነው።

ሀና፦ መስመር 2 ዜሮ ሆኖም ቅጣቱ ካልጠፋስ?

ዳዊት፦ ፕሮግራሙ በየወሩ ምን ዓይነት ኢንሹራንስ እንደነበራት ይጠይቃል። ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስ የሚከፈለው፣ ከፍ ያለው፣ ለኤችኤስኤ የሚያበቃው ኢንሹራንስ የነበራት በየትኞቹ ወሮች እንደሆነ ትሙላ። ይህ ጥያቄ ከታለፈ የተፈቀደላት መጠን ዜሮ ይሆንና ያስቀመጠችው ሁሉ ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል።

ሀና፦ ከተፈቀደው በእውነት ያለፈም ሰው ይኖራል። ሁለት ቦታ የሚሠራ፣ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች የሚቆርጡለት።

ዳዊት፦ አንዱ አሠሪ የሌላውን አያውቅም፤ ድምሩን መከታተል የሠራተኛው ፋንታ ነው። ያለፈ ሰው ኤችኤስኤው ያለበት ባንክ ይደውልና «ትርፍ መዋጮ ማስመለስ እፈልጋለሁ» ይበል። በካርድ ጎትቶ እንዳያወጣው። ባንኩ ለዚህ የራሱ ቅጽ አለው፤ ትርፉን ካፈራው ወለድ ጋር አስልቶ ይመልሳል። ይህ እስከ ኤፕሪል 15 ከተፈጸመ የስድስት በመቶው ቅጣት የለም። ታክሱን በጊዜው ያስገባ ሰው እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ ዕድል አለው፤ ያኔ ግን ማስተካከያ ማስገባት ይኖርበታል። ከደመወዝ ተቆርጦ የነበረው ትርፍ ታክስ ስላልተከፈለበት ከገቢ ጋር ይደመራል። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ግን ስድስት በመቶው በየዓመቱ ይመላለሳል።

ሀና፦ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን አንርሳ። 65 ዓመት አልፏቸው ዛሬም የሚሠሩ ብዙ ናቸው።

ዳዊት፦ እነሱን በተለይ ልንነግራቸው ይገባል። ሜዲኬር፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ ከጀመረበት ወር አንሥቶ ኤችኤስኤ ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ከ65 በኋላ ዘግይቶ ላመለከተ ሰው ደግሞ የሜዲኬሩ የሆስፒታል ክፍል እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ሊጀምር ይችላል። በእነዚያ ወሮች የተቆረጠው ሁሉ ትርፍ ይሆናል። አባትሽ ሜዲኬር ሊያመለክቱ ካሰቡ፣ ከስድስት ወር በፊት ለደመወዝ ክፍሉ «መቁረጡን አቁሙልኝ» ይበሉ።

ሀና፦ ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ። ወደ ቨርጂኒያዋ እህታችን ልመለስና፣ የ2024ንም በዚሁ መንገድ ሞልታ ቅጣቱን ከፍላ ቢሆንስ?

ዳዊት፦ ገንዘቧን ታስመልስ። የገባ ታክስ የሚታረምበትን ቅጽ፣ 1040-ኤክስን ትሙላ፤ ከእሱ ጋር የተስተካከለ ቅጽ 8889 እና ቅጣቱ የተሰላበትን ቅጽ 5329 ታያይዝ። በጥቅሉ ታክሷን ካስገባችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት አላት። የዓመቱን የመጨረሻ የደመወዝ ወረቀትም ትፈልገው፤ ከታክስ በፊት የተቆረጠው ድምር እዚያ ላይ አለ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ማስረጃ ቢጠይቃት ከደብሊው ቱዋ ጋር አድርጋ የምትልከው እሱን ነው።