ሰቤን እስኪመጣ፦ የኮንጎ ሩምባ ወርቃማ ዘመን

(ጊታር ቀስ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ይህን ጊታር ስሙት። ስሙት፣ አትቸኩሉ። ዘፋኙ ገና ስለ ፍቅሩ እያዜመ ነው፤ ጥሩምባዎቹ በየመሀሉ ይመልሱለታል። ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ። ማንም አልቸኮለም። ከዚያ ዘፋኙ ዝም ይላል፣ ጊታሮቹ ልጓማቸው ይለቀቃል፣ ወለሉ ይሞላል። ያ ነው ሰቤን። እኔ ከዚያ ዘመን የሚናፍቀኝ ሰቤኑ ብቻ አይደለም፤ እርሱ እስኪመጣ መጠበቁ ነው።

የምላችሁ ዘመን ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ያለው ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። ብዙዎቻችን በጅምላ ሱኩስ ብለን የምናውቀው ሙዚቃ እናቱ የኮንጎ ሩምባ ናት።

መጠበቅ ስል ምን ማለቴ ነው? በበዓል ሌሊት ማኅሌት የቆማችሁ ታውቁታላችሁ። ሊቃውንቱ መጀመሪያ ቁም ዜማውን ይላሉ። ከበሮ የለም፤ ድምፅ ብቻ። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከፍ ዝቅ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይላል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮው ይገባል፣ ጉልበት ሸብረክ እያለ ይቃናል። በመጨረሻ ጽፋት፤ ጭብጨባው ይፈጥናል፣ ከበሮውን ያነገተው ዲያቆን ይዘላል፣ ዳር የቆሙት እናት እልል ይላሉ። እልልታው ለምን እዚያ ላይ ፈነዳ? ያንን ሁሉ ሰዓት በእግራቸው ስለቆሙ ነው። ጽፋቱን ብቻ ቆርጣችሁ ብታሰሟቸው ያ እልልታ አይወጣም። አይወጣም! ቤተ መቅደሱንና ጭፈራ ቤቱን አንድ አላደርግም፤ ይህን የምታዝኑብኝ ካላችሁ ይቅርታ። የማወዳድረው አካሄዱን ነው፤ ከዝግታ ተነሥቶ፣ እያሞቀ፣ እያሞቀ፣ ደስታውን በስተመጨረሻ የሚያፈስሰውን አካሄድ።

የጊታሮቹን ነገር በአጭሩ ላልፈው፤ ስለ ጊታር በሠራሁት ቪዲዮ ዘርዝሬዋለሁ፣ ያላያችሁት እዩት። አጃቢው ጊታር ከታች፣ ሶሎው ከላይ፣ በመካከላቸው ሚ-ሶሎ የሚሉት ሦስተኛ ጊታር። ይህ ሦስተኛው አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳይታክት ይመላለሳል። ቤዙ ክፍተት እየተወ ይራመዳል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልምጣ፤ ሳልመልሰው ማለፍ አልችልም። ባለፈው ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ «ሊንጋላ እኮ የሙዚቃው ስም ነው» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። ናይሮቢና ዳሬ ሰላም የኖራችሁ ከዚያው ሰምታችሁት ይሆናል፤ በእርግጥም በዚያ አካባቢ ሙዚቃውን ሊንጋላ ይሉታል። ግን ሊንጋላ ቋንቋ ነው፤ ቋንቋ! የጥላሁን ገሠሠን ትዝታ ሰምቶ «ይህ ስልት አማርኛ ይባላል» እንደማለት ነው። ሊንጋላ በኮንጎ ወንዝ ላይ በነጋዴዎች አፍ ያደገ፣ በቅኝ ገዢው ጦር ሰፈር የተስፋፋ የመግባቢያ ቋንቋ ነው። ይህን የማነሣው ለስም ሙግት ብዬ አይደለም። የዘመኑ ታላቅ ጊታሪስትና የባንድ መሪ ፍራንኮ ሉዋምቦ የተወለደው ሶና ባታ፣ ኪኮንጎ በሚነገርበት አገር ነው። ኪንሻሳ የተሰበሰቡት ወጣቶች ከየብሔሩ፣ ከየአፉ የመጡ ነበሩ። በሊንጋላ ሲዘፈን ግን ማንም እንግዳ አልነበረም። ወንዙን ተሻግራ ፊት ለፊት የምትታየው ብራዛቪልም አብራ ዘፈነች።

የኩባ ሸክላዎች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ወደዚያ ወንዝ ደረሱ፤ ሰዉም በባርነት የተወሰደ የገዛ ልጁ ከሩቅ እንደተመለሰለት ሆኖ ተቀበላቸው። በ1953 ዘፋኙ ጆሴፍ ካባሴሌ አፍሪካን ጃዝ የተባለውን ባንድ መሠረተ። በ1960 ፖለቲከኞቹ ብራስልስ ላይ ስለ ኮንጎ ነጻነት ሲደራደሩ እርሱም እዚያው ነበር፤ «ኢንዴፔንዳንስ ቻ ቻ» የተባለው ዘፈን ያኔ ተወለደ። በ1956 ደግሞ ፍራንኮና ጓደኞቹ ኦኬ ጃዝ የተባለውን ባንድ አቋቋሙ፤ ስሙን የወሰዱት ከሚጫወቱበት መሸታ ቤት ነው። ጊታሪስቱ ዶክተር ኒኮ፣ ዘፋኙ ታቡ ሌይ... አንዱን ጠርቼ ሌላውን መተው ይከብደኛል። ለእያንዳንዳቸው ቪዲዮ እሠራለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ የቻናሉ ቤተሰብ ሁኑ።

በ1969 የተመሠረተው ባንድ ዛይኮ ላንጋ ላንጋ ጥሩምባውን አስወጥቶ ሰቤኑን አከረረው። በ1980ዎቹ ዘፋኙ ካንዳ ቦንጎ ማን ፓሪስ ላይ ሰቤኑን ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ አመጣው፤ መጠበቅ ቀረ። የጊታሪስቱ የዲብሎ ዲባላ ጣቶች ይባረኩ፣ በእነርሱ ያልጨፈረ የለም። ነገር ግን እኔ እላለሁ፦ ያኔ አንድ ነገር ጎደለ። ፍራንኮ እኮ በ1985 «ማሪዮ» የተባለውን ዘፈን ሲያወጣ፣ የተማረ ጎልማሳ በዕድሜ የምትበልጠው ሴት ትከሻ ላይ ተደላድሎ ሲኖር ከአሥር ደቂቃ በላይ ጊዜ ወስዶ፣ እያዋዛ፣ እየመከረ ነው የገሠጸው። በጥቅምት 1989 ፍራንኮ ሞተ። በ1991 ደመወዝ ያጡ ወታደሮች ኪንሻሳን ዘረፏት። ከ20 ሰው በላይ የሚይዝ ባንድ በምን ገንዘብ ይኑር?

በ2021 ዩኔስኮ የኮንጎ ሩምባን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ ደስ ብሎኛል። እኔን ግን ይበልጥ የሚነካኝ ይህች በእጄ ያለች ትንሽ ሸክላ ናት። በደቂቃ 45 ዙር የምትዞር ሸክላ ናት፤ አንዱ ገጽ ዘፈኑን በሙሉ አይችለውም። ስለዚህ ዜማውን እዚህ፣ ሰቤኑን ከጀርባ አደረጉት። አዩት፣ የመጀመሪያው ገጽ አልቆ መርፌው ባዶውን ይንሿሿል። ሰው ከወንበሩ ይነሣ ነበር፤ መርፌውን ያነሣል፣ ሸክላውን ይገለብጣል፣ አቧራውን በእጅጌው ያብሳል። ቤቱ በሙሉ ዝም ብሎ እጁን ያያል።

ገለበጥኩት። መርፌውን አሳረፍኩ።

(ሰቤን)