የእሳት ወንፈል

የተከበራችሁ የከተማችን አመራሮች፣ አባቶችና እናቶች፣ ከደባርቅ፣ ከደብረ ታቦርና ከባሕር ዳር የመጣችሁ የእሳት አደጋ ሙያ ጓዶቼ፤ እንኳን ወደ ጎንደር በደህና መጣችሁ።

እሳት ተነሣ ሲባል ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «መኪናው መጣ?» ብሎ ነው። እኔ ግን መኪናው ላይ ስንት ሰው አለ ብላችሁ እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ።

አንድ ሌሊት ሦስት ሆነን ወጣን። ሾፌሩ ፓምፑን ትቶ መሄድ አይችልም። ውሃው በግፊት ሲመጣ ቱቦው እንደ እባብ ይወራጫልና አንዱ አፉን ሲይዝ ሌላው ከኋላ በትከሻው ይደግፈዋል። እጃችን እዚያ ላይ አለቀ። «ልጄ ውስጥ ነው» የምትለውን እናት ሰምቶ የሚገባ ሰው አልነበረንም። ልጁን ያወጡት እርጥብ ጋቢ የተከናነቡ ጎረቤቶች ናቸው። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ሥራው ግን የእኛ ነበር።

በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ሁለት ባለሙያዎች ወደሚነድ ቤት ሲገቡ፣ እነርሱን ለማዳን የተዘጋጁ ሌሎች ሁለት ከውጭ መቆም አለባቸው። እዚያው እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ ሙከራ አራት ሰው ያለው ቡድን ሥራውን ሦስት ካለው በ25 በመቶ ፈጥኖ ጨርሷል። አንድ መኪና ቀንና ሌሊት አራት ሰው ይኑረው ብንል፣ ለሦስት ፈረቃ 12፣ ከሚያርፈው ቡድን ጋር 16 ሰው ያስፈልጋል። የታመመውና ፈቃድ የወጣው ገና አልተቆጠረም።

ቅጥሩ ይምጣ፤ እንታገልለታለን። እስከዚያው ግን አያቶቻችን እጅ ሲያጥራቸው ያደርጉት የነበረውን እናድርግ፤ የየከተማችን የእሳት አደጋ ጣቢያዎች ወንፈል እንግባ። ደቦ አላልሁም። ደቦ ደግሶ መጥራት ነው፤ ወንፈል ግን ተራው የታወቀ፣ ብድሩ የሚመለስ ውል ነው። እኛ እስካሁን የተረዳዳነው በስልክ ልመና ነው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች መጥተውልናል፤ ውለታቸውን አንረሳም። ግን ከዚያ ሁሉ አገር እስኪደረስ ተራራውን ይዞ የቆየው ቅጠል የጨበጠ ገበሬ ነው።

ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እርዳታው ሲደርስ ቤቱ አመድ ሆኗል ትሉኛላችሁ። ለአንድ ቤት አይደርስም፣ እውነት ነው። ሌሊቱን ሲነድ ለሚያድር ገበያ ግን ይደርሳል፤ የደከመውን ይተካል። ደግሞስ የእኛ መኪና ደባርቅ ሲወጣ ጎንደርን ማን ይጠብቃል? አዘዞ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ የእሳት አደጋ መኪና በረራ ባለበት ሰዓት ንቅንቅ አይልም፤ ደንቡ ነው። በረራ በሌለበት ሰዓትስ? ይህ በሰዓት ተለይቶ ይጻፍ፤ ማን እንደሚያዝ፣ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፣ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም አብሮ ይጻፍ።

አንድ ነገር ግን ፊርማ አይጠብቅም። ከሌላ ከተማ የመጣ ቱቦ ከእኛ ፓምፕ ጋር አልገጥም ብሎ፣ ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ። ከምሳ በኋላ እያንዳንዱ ጣቢያ የቱቦውን መጋጠሚያ ይዞ ወደ ግቢው ይውጣ። አንድ በአንድ እንሞክር፤ የማይገጥመውን ዛሬውኑ እንመዝግብ።

አመሰግናለሁ።