የአባቴ ፎቶና አስቸጋሪው ግራጫ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አራት ወረቀት ደርድሬያለሁ። አራቱም ላይ ያለው አንድ ሰው ነው፤ አባቴ። አራቱም የወጡት ከአንድ ፕሪንተር ነው። ግን አይመሳሰሉም። አንደኛው ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሁለተኛው ቀላ ይላል። ሦስተኛው ጉንጩ ላይ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። አራተኛውን መጨረሻ ላይ አሳያችኋለሁ፤ ማለቴ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቤት ውስጥ ለፎቶም ለሰነድም የሚሆን ፕሪንተር ሲያስፈልገኝ ነው። ፈሳሽ ቀለም በጠብታ የሚረጨውን፣ ኢንክጄት የሚባለውን መረጥኩ። ሌዘር የሚባለው ሌላው ዓይነት ለጽሑፍ ጎበዝ ነው። ቶነር የሚባለው ቀለሙ ዱቄት ስለሆነ ወራት ቢቀመጥም አይደርቅም። ፎቶ ላይ ግን ጥሩ ኢንክጄት ይበልጠዋል። እኔ ደግሞ ልቤ ያለው ፎቶ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ቀን ነበር። አበባ አተምኩ። የእህቴን ልጅ በቀይ ሹራብ አተምኩ። ፀሐይ ስትጠልቅ ያነሳሁትን ሰማይ አተምኩ። በሚያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ላይ ሲወጡ እንዴት ያምራሉ! ያን ቀን ስንት ትሰጠዋለህ ብትሉኝ አሥር ከአሥር ነበር መልሴ። አሁን ሳስበው ፈተናው ቀላል ነበር። ቀዩ ሹራብ ትንሽ ወደ ብርቱካናማ ቢያደላ ማን ያውቃል? ሳሩ ከእውነተኛው ሳር ቢጠቁር ማን ልብ ይላል? ደማቅ ቀለም ስህተትን ይሸፍናል።

ከዚያ እማዬ ከሳጥኗ አንዲት ትንሽ ፎቶ አወጣች። ጥቁርና ነጭ ናት። 6 በ9 ሴንቲሜትር ብትሆን ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ። «ተለቅ አድርገህ አውጣልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አለችኝ።

ፎቶዋን በ600 ዲፒአይ ስካን አደረግኳት። 600 ማለት በእያንዳንዱ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው። በእጥፍ ሲያድግ፣ ማለትም 12 በ18 ሲሆን፣ በአንድ ኢንች 300 ይቀራል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ 300 በቂ ነው። ይህን የማነሳው ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ነው። 4800 ወይም 5760 የሚባለው የቀለም ጠብታ ሊያርፍባቸው የሚችሉ ቦታዎች ብዛት ነው። አንድ ዓይነት የቆዳ መልክ ለመስራት ብዙ ጠብታ ጎን ለጎን መውደቅ አለበት። ስለዚህ ያ ቁጥር የፎቶውን ዝርዝር በዚያው ልክ አይጨምርም። እኔ በበኩሌ በዚያ ቁጥር ፕሪንተር ከፕሪንተር ማወዳደር ትቻለሁ።

ፎቶው ወጣ። ጥርት ያለ ነው። የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይቆጠራል። ደስ ብሎኝ ለእማዬ ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ምን አለች መሰላችሁ? «ምነው፣ አባትህ ታሞ ነበር እንዴ?»

ልክ ነበረች። ፊቱ ወደ አረንጓዴ ያደላል። እኔ ጥራቱን ሳይ አላስተዋልኩትም። እሷ ፊቱን ስታይ ወዲያው አወቀችው። ማታ መብራት ስር ሳየው ደግሞ ሌላ ሆነብኝ። አረንጓዴው ጠፍቶ ቀላ ብሏል። ወረቀቱ ያው ነው። ቀለሙ ያው ነው። የተለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ልቡ ይሄ ነው።

ግራጫ ለእኛ ቀላል ቀለም ይመስለናል። ጥቁር በትንሹ፣ አይደል? የቤት ኢንክጄት ግን ብዙ ጊዜ አራት ቀለም ብቻ ነው ያለው። ሳያን የሚባለው ውሃ ሰማያዊ፣ ማጀንታ የሚባለው ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር። በብዙዎቹ ላይ ጥቁሩ ከሌሎቹ የተለየ ዓይነት ነው። ሦስቱ እንደ ስኳር በፈሳሹ ውስጥ የሟሙ ናቸው። ጥቁሩ ግን ፒግመንት ነው፤ ያልሟሙ በጣም ጥቃቅን ብናኞች በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ይህ ጥቁር በደንብ አይዋሃድም። ስለዚህ «ግሎሲ ወረቀት ነው» ስትሉት ብዙ ፕሪንተር ጥቁሩን ትቶ ግራጫውን በሦስቱ ቀለማት ብቻ ይሠራል። ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫ በእኩል ሚዛን ሲቀላቀሉ ግራጫ ይሰጣሉ። አንዱ በጣም በትንሹ ካየለ ግን ግራጫው ወዲያው ቀለም ይይዛል። ደግሞ ሦስቱ ቀለማት ለቀን ብርሃንና ለአምፖል ብርሃን የሚሰጡት ምላሽ አንድ አይደለም። የአባቴ ፊት መስኮት ላይ አንድ፣ መብራት ስር ሌላ የሆነው ለዚህ ነው።

ለፎቶ ሥራ ተብለው የሚሠሩ ውድ ፕሪንተሮች ግራጫ ቀለም ለብቻው የሚጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ዓይነት ግራጫ አላቸው። ድሮ ሳነብ ትርፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ገባኝ።

ሁለተኛውን ወረቀት እዩት። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ገብቼ አረንጓዴውን ቀነስኩ። መስኮት ላይ ተስተካከለ። መብራት ስር ግን ጭራሽ ባሰበት፤ ፊቱ የተቆጣ መሰለ። ሦስተኛው በተራ ወረቀት ላይ፣ «በጥቁር ብቻ አትም» የሚለውን መርጬ ያወጣሁት ነው። ምንም ዓይነት የቀለም ዝንባሌ የለውም። ግን ጥቁር ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ተራርቆ ሲወድቅ ነጠብጣቡ ይታያል። አሸዋ ያልኳችሁ እሱ ነው።

ከፎቶው ልውጣና ወደ ሰነዱ ልለፍ፤ ያ ፎቶ ላይ አልገባም ያለው ጥቁር እዚህ ላይ ንጉሥ ነውና።

ተራ ወረቀት በቅርብ ሲታይ የተጠላለፈ ቃጫ ነው። የሟሟ ቀለም በቃጫዎቹ መካከል ይሰርጋል፤ የፊደሉ ዳር ጠጉር ያወጣል። ፒግመንት ግን ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ፊደሉ ስል ይሆናል። የኛ ፊደል ለዚህ ፈተና በጣም ይመቻል። ነና ኘን፣ ሰና ሸን፣ ቀና ቐን የሚለየው አናታቸው ላይ ያለው ትንሽ ነገር ነው። እኔ የማደርገው እነዚህን በትንሽ የፊደል መጠን፣ ኮምፒውተሩ ላይ 6 በሚለው፣ አንድ ገጽ ሙሉ ማተም ነው። ኘ ነ ከመሰለ ያ ፕሪንተር ለሰነድ አይሆነኝም። ከዚያ ጣቴን በውሃ ነክሬ አንዱን ቃል አብሳለሁ። ከደረቀ በኋላ ማለቴ ነው። የሟሟ ቀለም ይዘረጋል። ፒግመንት ግን ብዙም አይነቃነቅም። የእኔው ይህን ፈተና በደንብ አለፈ። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ሳልነካው ቆየሁ። አንድ ቀን ጠዋት በጣም የሚያስፈልገኝ ደብዳቤ ነበረ። ከበር ለመውጣት ቸኩያለሁ። አትም አልኩት። ወጣ። በየመስመሩ መሃል ነጭ ሰንበር አለበት። ፊደላቱ ወገባቸው ላይ የተቆረጡ ይመስላሉ። እንደገና አተምኩ። ያው ነው። ለማንም የሚሰጥ ወረቀት አልነበረም። ያን ጠዋት የተሰማኝን ንዴት አሁንም አልረሳሁትም።

ምክንያቱ ተደፍኖ ነው። ቀለም የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከሰው ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚወረወረው ጠብታ የሚለካው በፒኮሊትር ነው። ጠብታው 2 ፒኮሊትር ቢሆን፣ ከአንድ ሚሊሊትር ቀለም 500 ሚሊዮን ጠብታ ይወጣል። ይህን ጠብታ ለመወርወር ሁለት መንገድ አለ። በአንደኛው ቀለሙ በቅጽበት ይግላል፤ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ጠብታውን ይገፋዋል። ፕሪንተር አምራቹ ካኖን የራሱን ታሪክ ሲናገር ሐሳቡ የመጣው በ1977 ነው ይላል፤ አንድ መሐንዲስ የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ መርፌ ላይ ሲነካ ቀለሙ ተፈናጠረ። ይህ ታሪክ ሁሌም ደስ ይለኛል። ሌላው አምራች ኤፕሰን የሚጠቀምበት ሁለተኛው መንገድ ሙቀት የለውም። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚለጠጥ ቁስ ቀለሙን ይገፋዋል። ሁለቱም ጥሩ ይሠራሉ። ሁለቱም ላይ ግን ቀለም ይደርቃል።

ማጽጃ ትእዛዝ አለ። ሁለት ጊዜ አጸዳሁት፤ ሰንበሩ ጠፋ። ጽዳቱ ግን በነፃ አይደለም። ቀለም ወደ ውስጥ ተስቦ ይደፋል፤ ሆዱ ውስጥ ያለ ስፖንጅ ይመጠዋል። ስለዚህ እንደ እኔ አልፎ አልፎ የሚያትም ሰው የገዛው ቀለም ሁሉ ወረቀት ላይ አያርፍም። ካርቶኑ ላይ «ይህን ያህል ገጽ ያትማል» የሚለው ቁጥር ይህን አያሳይም። ቁጥሩ የሚለካው አይኤስኦ 24711 በሚባል መስፈርት ነው። የተወሰኑ 5 ገጾች ካርትሪጁ፣ ማለትም የቀለም መያዣው፣ እስኪያልቅ ደጋግመው ይታተማሉ። ፕሪንተር ከፕሪንተር ለማወዳደር ጠቃሚ ነው፤ እኔም አየዋለሁ። በሳምንት ሁለት ገጽ የሚያትም ቤት ግን ያንን ቁጥር አገኛለሁ ብሎ ባይጠብቅ ጥሩ ነው። ደግሞ ሦስቱን ቀለም በአንድ ካርትሪጅ የሚይዝ ፕሪንተር ካላችሁ፣ ቢጫው ብቻ ሲያልቅ ሁሉም አብሮ ይጣላል። እኔ እንዲህ ያለውን ለፎቶ አልመርጥም። ቀለሞቹ ለየብቻቸው ቢሆኑ፣ ወይም ከጠርሙስ የሚሞላ ታንክ ቢኖረው፣ በጣም ይሻላል።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። በሳምንት አንዴ አራቱም ቀለም ያለበትን ትንሽ ገጽ አትማለሁ። ሳጠፋው ደግሞ በራሱ ቁልፍ ነው እንጂ ከግድግዳው አልነቅለውም። በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ቀለም የሚረጨው ክፍል ወደ ማረፊያው ሄዶ ቀዳዳዎቹ ይከደናሉ። ከነቀላችሁት ክፍቱን ሊቀር ይችላል። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ ያ ሰንበር አልተመለሰም።

ስለ መደብዘዝም በአጭሩ ልበል። ያን የቀይ ሹራብ ፎቶ ሁለት ጊዜ አትሜ አንዱን ግማሹን በካርቶን ሸፍኜ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ከሁለት ወር በኋላ ካርቶኑን ሳነሳ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ያልተሸፈነው ፈዟል። ፍሬም ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ያለው ሁለተኛው ግን ደህና ነው። ሁሉም ሰው ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ፈተና ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ወረቀት። ሳስበው ሳስበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጥቁሩን የሚያስቀረው ማብረቅረቁ ከሆነ፣ የማያብረቀርቅ የፎቶ ወረቀት ላይ ቢታተምስ? ማት የሚባለውን ገዛሁ። ቅንብሩ ላይም «ማት» መረጥኩ፤ ይህን መርሳት የለብንም፤ ፕሪንተሩ ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭና የትኛውን ጥቁር እንደሚጠቀም የሚወስነው ከዚያ ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ጥቁሩ ገባ። ሦስቱ ቀለማት ጥላውን ለማለስለስ ብቻ ያግዛሉ። ካተምኩ በኋላ አልቸኮልኩም። አንድ ሌሊት አሳደርኩት፤ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ትንሽ ይለወጣል።

ጠዋት መስኮት ላይ አየሁት። ማታ መብራት ስር አየሁት። ሙሉ በሙሉ አንድ ነው አልልም፤ ልዩነቱ ግን ፈልጌ ነው ያገኘሁት። የፀጉሩ ጥቁረት የመጀመሪያውን ያህል ጥልቅ አይደለም። የሸሚዙ ቁልፍም ያን ያህል አይቆጠርም። ፊቱ ግን ግራጫ ነው። ንጹሕ ግራጫ።

ለእማዬ ሰጠኋት። እንደ በፊቱ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ትንሿን ፎቶ ከሳጥኗ አውጥታ ጎኑ ያዘችው። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። «እሱ ነው» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ለአክስቶችህም ሦስት አውጣላቸው» አለችኝ።

ሁለቱን አሁን፣ ይህን ከመቅዳቴ በፊት አትሜያለሁ፤ እየደረቁ ናቸው። ሦስተኛው ነገ ነው። ደህና ሁኑ።