ታሪኩን ማን ይጻፈው? ሥነ ጽሑፍ፣ ባህልና ማንነት

[በምስል፦ የቆየ የጽሕፈት ጠረጴዛ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት መስመር ብቻ የተጻፈበት ወረቀት]

አንድ ሰው ከምንም ተነስቶ ስም ያወጣል። ቤተሰብ ይመሠርታል፤ ይሳሳታል፤ ከአገሩ ይሰደዳል፤ ይመለሳል። በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ሬሳው ዘንድ የቆመ አንድ የቅኝ ግዛት ሹም ታዲያ በልቡ ሌላ ነገር ያሰላስላል። መጽሐፍ ሊጽፍ አስቧል። የዚህ ሰው ታሪክ ስንት ይወጣዋል? አንድ ምዕራፍ? ኧረ በዛ። አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

የናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የሚያልቀው እንዲህ ነው። የታተመው በ1958 ነው፤ በዚህ ቪዲዮ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሹሙ አንድ አንቀጽ ሲመድብለት፣ እኛ አንባቢዎች ሰውየውን ሙሉ መጽሐፍ ስንከተለው ቆይተናል። ስለዚህ ያ የመጨረሻ ገጽ ያንገበግባል።

አቼቤ ይህን ለመጻፍ ያነሳሳው አንድ ንባብ ነበር። በናይጄሪያዋ ኢባዳን ከተማ ተማሪ ሳለ አንድ አየርላንዳዊ ደራሲ ስለ ናይጄሪያ የጻፈውን ልብ ወለድ አነበበ። እሱም የክፍል ጓደኞቹም የሚያውቋቸውን ሰዎች እዚያ ውስጥ አላገኟቸውም። ታዲያ የራሱን ጻፈ።

እንዴት እንደጻፈው ጠጋ ብለን እንይ። አንድ ጎረቤት ያበደረውን ሊጠይቅ ይመጣል። የቤቱ ጌታ ለእንግዳ የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ ያቀርብለታል። «አንተ ቁረስ»፣ «የለም፣ አንተ ቁረስ» እየተባባሉ ይገባበዛሉ። ከዚያ ወሬ ይጀመራል፦ ስለ ዝናቡ፣ ስለሚመጣው በዓል፣ ሊነሳ ስላለው ጦርነት። ብድሩ ገና አልተነሳም። እንግዳው ወደ ጉዳዩ የሚገባው በምሳሌያዊ ንግግር ዙሪያውን ከሄደ በኋላ ነው። ተበዳሪው በሳቅ ይፈርሳል። ግድግዳው ላይ በኖራ የተሰመሩ መስመሮችን ያሳየዋል። እያንዳንዱ ዕዳ ነው፤ መጀመሪያ የሚከፍለውም ትልልቆቹን ነው።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ማንም ቆሞ «ኢግቦ የተባለው የናይጄሪያ ሕዝብ ባህል ይህን ይመስላል» ብሎ አያስተምርም። ግን ሁሉም ነገር አለ። እንግዳ እንዴት ይከበራል፣ ገንዘብ እንዴት ይጠየቃል፣ ነገር ከየት ይጀመራል፣ ሰው በምን ያፍራል። በልብ ወለድ ውስጥ ባህልን ስፈልግ እኔ ከበዓሉና ከአልባሳቱ በፊት የማየው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።

[በምስል፦ በበረዶ የተሸፈነ ጫካ፣ ጠባብ የእግር መንገድ]

«ሥነ ጽሑፍ የማኅበረሰብ መስታወት ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ውሸት አይደለም። ግን መስታወት ከፊቱ የቆመውን ብቻ ነው የሚያሳየው። አንዳንድ መጻሕፍት ደግሞ ገና ያልቆመውን ያቆማሉ። ፊንላንድን ውሰዱ። ለዘመናት በስዊድን ሥር ነበረች፤ ከ1809 ጀምሮ ደግሞ በሩሲያ ሥር ሆነች። የተማረው ሰው የሚጽፈው በስዊድንኛ ነበር። ፊንላንድኛ የገበሬው ቋንቋ ነው ተብሎ ተትቷል።

ኤሊያስ ሎንሮት የተባለ ሐኪም ግን በየመንደሩ እየዞረ የቃል ግጥም መሰብሰብ ጀመረ። በ1834 አርሂፓ ፔርቱነን የሚባል አዛውንት አገኘ። አዛውንቱ በቃላቸው የያዙትን ለቀናት አዜሙለት፤ ከ4,000 በላይ ስንኝ ጻፈ። ከእንዲህ ዓይነት ስብስቦች ካሌቫላ የተባለው ታላቅ ግጥም በ1835 ወጣ። በ1849 ሰፍቶ 50 ክፍል ሆነ። ስንኞቹ በአብዛኛው የሕዝብ ናቸው። አሰካኩና ቅደም ተከተሉ ግን የሎንሮት ነው፤ ከራሱም ጨምሮበታል። ፊንላንዳውያን «ይሄ እኛ ነን» አሉ። በ1917 ነፃ ሲወጡ ካሌቫላ አብሯቸው ነበር።

የሚገርመው የፔርቱነን መንደር ዛሬ ያለው ሩሲያ ውስጥ ነው። የአንድ አገር መለያ የሆነው ግጥም ከድንበሯ ማዶ ከተቀመጡ ሰዎች አፍ ጭምር የተለቀመ ነው። ማንነት እንዲህ ነው፤ ከሰበሰብነው እንሠራዋለን።

የቋንቋው ነገር ብቻውን ብዙ ያናግራል። በጥንቷ ጃፓን የወንዶች ቁም ነገር የሚጻፈው በቻይንኛ ነበር። በአገሩ ቋንቋ በካና ፊደል ስድ ንባብ መጻፍ በአብዛኛው ለሴቶች የተተወ ነበር። በ10ኛው መቶ ዓመት ኪ ኖ ፁራዩኪ የተባለ ባለሥልጣን የጉዞ ማስታወሻውን በካና ሊጽፍ ሲፈልግ ሴት ነኝ ብሎ ጻፈ። በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ሙራሳኪ ሺኪቡ የምትባል የቤተ መንግሥት ሴት በዚያው ፊደል የጻፈችው ረጅም ልብ ወለድ ዛሬ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ቁንጮ ነው።

[በምስል፦ የገጠር መንደር፣ ሜዳ ላይ ከእንጨት የተሠራ መድረክ]

ወደ ኬንያ እንምጣ። በ1977 ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ አዲሶቹን ገዢዎች የሚሸነቁጥ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አወጣ። ማንም አልነካውም። በዚያው ዓመት ከአንድ ባልደረባው ጋር በእናት ቋንቋው በጊኩዩ ተውኔት ጻፈ። የተጫወቱት የካሚሪቱ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። መድረኩንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ጥቂት ሳምንት እንደታየ ፈቃዱ ተነጠቀ። ዓመቱ ሲያልቅ ንጉጊ ታሰረ፤ ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ሁለቱም ሥራ ነቃፊ ነበር። ልዩነቱ ማን ሊሰማው እንደሚችል ነው።

እስር ቤት ሆኖ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ በጊኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ። በ1980 ታተመ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ንጉጊ ራሱ ጽፎታል፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ማንበብ የማይችሉ ቤተሰቦች ማታ ማታ ተሰብስበው አንዱ እያነበበላቸው ያዳምጡ ነበር። መጠጥ ቤት ውስጥም አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል። ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ብርጭቆው ባዶ ይሆንና ዝም ይላል። ቤቱ ይንጫጫል፦ «ቅዱለት!» ይቀዳለታል፤ ንባቡ ይቀጥላል። በወረቀት የመጣውን ልብ ወለድ ሕዝቡ ወደ ለመደው ጨዋታ መለሰው።

[በምስል፦ ገበያ፣ ሐይቅ ዳር]

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። አንድ መጽሐፍ አንብቦ «ይሄን ሕዝብ አወቅኩት» ማለት አይቻልም። የአቼቤ መንደር በዋናነት የወንዶች መድረክ ነው። በ1966 ፍሎራ ንዋፓ፣ እሷም የኢግቦ ልጅ፣ ኤፉሩ የምትባል ነጋዴ ሴት ታሪክ ጻፈች። ኤፉሩ ሀብት አላት፣ ውበት አላት፤ ልጇ ግን ሞታባታለች። መጽሐፉ በጥያቄ ያልቃል፦ ኤፉሩ የምታመልካት የሐይቋ አምላክ የእናትነትን ደስታ ቀምሳ አታውቅም፤ ታዲያ ሴቶች ለምን ያመልኳታል?

ሌላዋ የኢግቦ ደራሲ ቡቺ ኤሜቼታ ያንን «የእናትነት ደስታ» ወስዳ በ1979 የራሷ መጽሐፍ ርዕስ አደረገችው። የእሷ ንኑ ኤጎ ብዙ ልጆች ወልዳለች። ሁሉን ሰጥታቸዋለች። የሞተችው ግን ብቻዋን፣ መንገድ ዳር ነው። ልጆቿ ትልቅ ቀብር አደረጉላት፤ የአምልኮ ቦታም ሠሩላት። ልጅ ፈላጊ ሴቶች ሄደው ሲማጸኗት ግን አትሰጥም። ይህን ከውጭ የመጣ ሰው ቢጽፈው ስድብ ይመስል ነበር። ኤሜቼታ ግን የምትከራከረው ከቤተሰቧ ጋር ነው፤ ልማዱን ከነ ክብሩ ታውቀዋለች፣ ዋጋውን ማን እንደከፈለም ታውቃለች።