ሰዓቱ ይጻፍ

ክቡራን የፖሊስ አመራሮችና አባላት፣ የድሬ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ድሬ ላይ «አንቱ» ብዙም አልተለመደም። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን ነው ያደግነው። ዛሬም እንደ ቤተሰብ ላውራችሁ።

ከዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜን ከባጃጁ አውርደው ወሰዱት። እኔና እናቴ ምግብ በፌስታል ቋጥረን ጣቢያ ለጣቢያ ዞርን። ሦስተኛው ላይ አገኘነው። የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ ለወቀሳ አልመጣሁም። ተረኛው ትሁት ልጅ ነበር። መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ ፈለገልን። ስሙ አለ። የአባቱ ስም አለ። የተያዘበት ሰዓት ግን ባዶ ነው። ከእሱ በላይ የተመዘገቡት ሦስት ሰዎችም እንደዚያው።

ያቺ ባዶ ቦታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። እሺ፣ ከስንት ሰዓት ጀምረን እንቁጠር? እናቴ ይህንኑ ጠየቀች። ልጁ አቀረቀረ።

ልጃችንን ኮሌጅ ስናስገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ዕውቅና አለው ወይ?» ብለን ነው። ፖሊስ ጣቢያንስ ለምን አንጠይቅም? አሜሪካ ውስጥ በ1979 እ.ኤ.አ. አራት የፖሊስና የሸሪፍ አመራሮች ማኅበራት ተባብረው «ካሊያ» የሚባል የዕውቅና ኮሚሽን አቋቋሙ። ማንም አይገደድም፤ ራሱን ማስመዘን የፈለገ ተቋም ያመለክታል። ገምጋሚዎቹ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ናቸው። መመሪያ መኖሩን አይተው ብቻ አይመለሱም። በመመሪያው መሠረት መሠራቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። ኤግዚቢቱ እንዴት ይጠበቃል? ኃይል የተጠቀመ አባል ሪፖርት ጽፏል? ዕውቅናው ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ እንደገና መመዘን አለ።

ዕውቅና ያለው ተቋም ውስጥም በደል እንደሚፈጸም አውቃለሁ። ወረቀት ሕሊናን አይተካም። ግን ሰዓቱ ከተጻፈ የበደለውን ካልበደለው መለየት ይቻላል። ይሄ ለናንተም ነው። በሐሰት የተከሰሰን አባል የሚያድነው ያው መዝገብ ነው።

የደሞዛችሁንና የቤት ኪራያችሁን ነገር አልረሳሁትም። እሱም መነሳት አለበት። እስክሪብቶ ለማንሳት ግን በጀት አንጠብቅ።

ያው አንቀጽ 19 ሌላም ነገር ይላል፦ የተያዘው ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ይሄ ለድሬ ተብሎ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ። ከመጋላ ሶማሊኛ ብቻ የምትናገር ነጋዴ በሌሊት ብትያዝ፣ ተረኛው ምን ብሎ ያስረዳታል? ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ገበሬስ? ቋንቋውን የሚችለው አባል ቀን ገብቶ ማታ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ የሌሊቱ ሰው መብት እስኪነጋ ሊጠብቅ ነው።

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነው። አንድ ጣቢያ ምረጡ። ለሦስት ወር ሰዓቱና የተነገረበት ቋንቋ ሳይጻፍ ማንም ወደ ማረፊያ ክፍል አይግባ። ከዚያ ከሐረር ባልደረቦቻችሁን ጥሩና መዝገቡን ገጽ በገጽ ይዩት። እናንተም በተራችሁ የእነሱን እዩ። መንገዱ እንደሆነ ቅርብ ነው። የሚታየው ስህተት ሳይሸፋፈን ይለጠፍ፤ ከቤተሰብ ወገንም አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ።

እናቴ ፈቃደኛ ናት። መነጽሯን ይዛ ትመጣለች።