ትእዛዙን መጀመሪያ ለራስህ አንብበው፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የሬዲዮ ዝግጅታችን «የሃይማኖት ትእዛዛት ዛሬም ለመልካም ኑሮ ያስፈልጋሉ ወይ?» በሚል ጥያቄ ላይ ነበር። ከጅማ ከተማም ከዙሪያዋ ወረዳዎችም ብዙ ሰው ደወለ። ሰዓት አጥሮን በችኮላ ያለፍናቸውን ጨምሬ እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። እኔ የሥነ ምግባር ፍልስፍና አስተማሪ ነኝ። ቄስም፣ ሼክም፣ ፓስተርም አይደለሁም። የሃይማኖት ብይን የሚፈልግ የራሱን አባቶች ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ አንዱ ጓደኛችን «ጥሩ ሰው ለመሆን ሕሊና ይበቃል» ይላል። ሌላው «ትእዛዝ ከሌለ ሁሉም ነገር ይፈቀዳል» ይላል። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሃይማኖት ሳይኖረው የሰው ገንዘብ የማይነካ፣ የታመመ የሚጠይቅ ሰው አለ። ስለዚህ «ሁሉም ይፈቀዳል» የሚለው አያስኬድም። ግን ሕሊናም ብቻውን ሲቀር በቀላሉ ይባበላል። ገንዘብ ሲያጥርህ፣ ስትናደድ፣ ማንም እንደማያይህ ስታውቅ ምክንያት ይፈልግልሃል። «አትስረቅ» የሚለው ቃል ግን አንተ ከመቸገርህ በፊት የተነገረ ነው። ስለቸገረህ አይለወጥም። የትእዛዝ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

ክርክሩ ራሱ አዲስ አይደለም። «መልካም ነገር መልካም የሆነው አምላክ ስላዘዘው ነው፣ ወይስ መልካም ስለሆነ ነው ያዘዘው?» የሚለው ከሶቅራጥስ ዘመን ጀምሮ ሲጠየቅ ኖሯል። በእስልምና ታሪክም ሙዕተዚላዎች የሚባሉ የሃይማኖት ሊቃውንት «አእምሮ ራሱ ደጉንና ክፉውን መለየት ይችላል» ሲሉ፣ አሽዐሪዎች የሚባሉት ሌሎቹ «የሚታወቀው በአምላክ ትእዛዝ ነው» ብለው ተከራክረዋል። እናንተም ተከራከሩ፤ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ፕሮግራሜን የሚከታተል ሁሉ ሰምቶታል፣ አሁንም እደግመዋለሁ፦ ትእዛዙን መጀመሪያ ለራስህ አንብበው። ለጓደኛህ ብቻ የምታነበው ትእዛዝ በእጅህ ያለ ዱላ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የተማርኳቸው አሥርቱ ትእዛዛት ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ ከሚያውቃቸው ይለያሉ። የማን ነው ልክ?

መልስ፦ በአብዛኛው የሚለየው አቆጣጠሩ ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 20 ላይ ትእዛዛቱ ቁጥር ተሰጥቷቸው አልተጻፉም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አሥረኛው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ነው፤ እሱም ኦሪት ዘሌዋውያን 19 ላይ አለ። ብዙ ፕሮቴስታንቶች ደግሞ የተቀረጸ ምስልን የሚከለክለውን ለብቻው ሁለተኛ አድርገው ይቆጥራሉ። ሙስሊም አድማጮቻችን ሱረቱል አንዓም ላይ ከ151 ጀምሮ ቢያነቡ በጣም የሚቀራረብ ነገር ያገኛሉ፦ ወላጅን ማክበር፣ አለመግደል፣ የየቲም (የወላጅ አልባ ልጅ) ገንዘብ አለመንካት፣ ሚዛንን መሙላት። በቁጥሩ አትጣሉ።

ጥያቄ፦ ቡና ነጋዴ ነኝ። ከገበሬው እሸትና ጀንፈል እገዛለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሁሉም ሚዛን ይነካል። እኔ ብቻ ካልነካሁ እከስራለሁ። ግን በየዓመቱ ዘካዬን አወጣለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን በመናገርህ አከብርሃለሁ። ግን ዘካም ሆነ አሥራት የሚወጣው ከራስ ገንዘብ ነው። ከገበሬው ሚዛን ላይ የቀረው ገንዘብ የገበሬው ነው። ቁርኣን 83ኛው ሱራ የሚጀምረው ሲቀበሉ አሟልተው ለሚሰፍሩ፣ ሲሰጡ ግን ለሚያጎድሉ «ወዮላቸው» ብሎ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ 11 ደግሞ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ዘንድ አስጸያፊ ነው ይላል። ሁለቱም መጻሕፍት ስለ ሚዛን እንዲህ የተቆጡት የሚጎዳው ሰው መከራከር ስለማይችል ነው። ዓመት ሙሉ ያንን ማሳ ሲያርምና ሲኮተኩት ከርሞ በዘንቢል ተሸክሞ ለመጣ ሰው ሁለት ኪሎ ማለት የልጁ ደብተር ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» አትበለኝ። ትእዛዙን ለራስህ አንብበው ያልኩት ለዚህ ነው። ሚዛንህን ነገውኑ አስተካክል። የምታውቃቸው ደንበኞችህ ካሉ የጎደለባቸውን መልስላቸው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። ለፋሲካ ብንጠራቸው ኃጢአት ይሆንብናል?

መልስ፦ በደስታ ጥሯቸው፤ ሥጋ የሌለበት ምግብ በንጹሕ ዕቃ ለብቻው አዘጋጁላቸው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። እሑድ ተረኛ ስሆን ሰንበትን የሻርኩ ይመስለኛል።

መልስ፦ ኢየሱስ በሰንበት ሕሙማንን ፈውሷል። ሥራሽን ሥሪ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 14 ዓመቷ ነው። የቅርብ ዘመድ ደፈራት። ሽማግሌዎች መጥተው «ይቅር በሉ ተብሎ ታዟል፣ ቤተሰብ አይበተን፣ ካሳ ይክፈልና እርቅ ይውረድ» እያሉ ነው። እህቴ ትእዛዝ እንዳላፈርስ ብላ ፈርታለች። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ስሙን እየቀያየረ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር ያመኛል። ስለዚህ በደንብ ስሚኝ። ሌሎቻችሁም ስሙ።

መጀመሪያ ልጅቷ። ሽማግሌው ይቆይ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። እርግዝና የሚከላከለውም እስከ 5 ቀን ድረስ ቢሰጥም መዘግየት ያዳክመዋል። ከምርመራው በፊት አትታጠብ። የለበሰችውን ልብስ ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። ቀኑ ያለፈ ቢሆንም ውሰዷት፤ ሕክምናም ምክርም ያስፈልጋታል። ከዚያ ወደ ፖሊስ።

አሁን ወደ ትእዛዙ። አዎ፣ ይቅርታ ታላቅ ነገር ነው። ግን ይቅር የሚለው የተበደለው ነው። እዚህ የተበደለችው ልጅቷ ናት። አጎትም፣ አባትም፣ የእድር ዳኛም በእሷ ቦታ ይቅር ማለት አይችሉም። ሉቃስ 17 ላይ «ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው፤ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ይላል። ተግሣጹ ይቀድማል። ማቴዎስ 18 ላይ ደግሞ ከታናናሾቹ አንዱን ለሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ቢጣል ይሻለው ነበር ይላል። ይህን ጥቅስ ይዞ የሚመጣ ሽማግሌ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዝምታስ? ኦሪት ዘሌዋውያን 5 ምስክር ሆኖ ያልተናገረ ኃጢአቱን ይሸከማል ይላል። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 283 ምስክርነትን የሚደብቅ ልቡ ኃጢአተኛ ነው ይላል። በሱረቱ ኒሳእ 135 ደግሞ በራሳችሁ፣ በወላጆቻችሁና በዘመዶቻችሁ ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ መስክሩ ብሎ ያዛል። እህትሽ ትእዛዝ ማፍረስ ከፈራች ንገሪያት፦ ትእዛዙ የሚፈርሰው ዝም ስትል ነው።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለችን ልጅ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። ከሳሹ መንግሥት ነው፤ የሽማግሌ እርቅ ክሱን አያስቀርም። «ያግባትና ይለቅ» የሚልም አይጠፋም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለዚያ በር ነበረው፤ የ1996ቱ ዘግቶታል።

ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። ድንበር ያስታርቃሉ፣ ባልና ሚስት ያስማማሉ፣ ደም እንዳይፈስ በመሐል ይቆማሉ። ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር እዩ ብያለሁ፦ ትእዛዝ ሲጠቀስ ሸክሙ የሚወድቀው ማን ላይ ነው? በደለኛው ቀሎት ይሄዳል፣ ካሳው አባት ኪስ ይገባል፣ ልጅቷ በየበዓሉ ከዚያ ሰው ጋር ማዕድ ትቀርባለች። ሸክሙ ሁሉ በደካማዋ ላይ ከወደቀ እዚያ የተሠራበት ትእዛዝ አይደለም። እባካችሁ አባቶች፣ በልጆች ጉዳይ ሽምግልና አትቀመጡ። ቢጠሯችሁም «ይሄ የእኛ አይደለም» ብላችሁ ተመለሱ።

ልጅቷንም «ቤተሰብ አስበተንሽ» የሚል እንዳይኖር። ቤተሰቡን የጎዳው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፣ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ባልጾም አፍራለሁ።

መልስ፦ ቁርኣን ራሱ በሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ለታመመ ፈቅዷል። ኦርቶዶክስም ብትሆን ንስሐ አባትህን ብትጠይቅ ለሕመምተኛ ፈቃድ አለ። መድኃኒትህን በራስህ አታቋርጥ፣ መጠኑንም አትቀንስ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምህን አማክር።

ጥያቄ፦ ወጣት ነኝ። ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) አደርጋለሁ፣ የተበላሸ ይመስለኝና እንደገና እጀምራለሁ። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። ክፉ ሐሳብ ሲመጣብኝ ከሃይማኖት የወጣሁ ይመስለኛል። እንቅልፍ የለኝም። ትእዛዙን መጠበቅ አቃተኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም ልጄ። የማትፈልገው ሐሳብ ስለመጣብህ ጥፋተኛ አይደለህም። ወስዋስ የሚሉትን፣ ይህን እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ጥርጣሬ፣ ኡስታዞችህ ያውቁታል፤ «አትድገም፣ አንዴ ይበቃል» ብለው ይመክሩሃል። ስማቸው። ብዙ ኦርቶዶክሶችም በጸሎትና በኑዛዜ ላይ ይህንኑ ይቸገራሉ። ትእዛዙን ለራስህ አንብበው ስል ራስህን ግረፍበት ማለቴ አይደለም። እንቅልፍ እስከመከልከል ከደረሰ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናም አለው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በዚህ ሳምንት ሂድ። ብቻህን መሄድ ከከበደህ የምታምነውን ሰው ይዘህ ሂድ፤ ለሐኪሙም ለእኔ የነገርከኝን ሳታስቀር ንገረው።