«አንቺን ይሰማሻል»

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስለ አንድ ልጅ ላውራችሁ። ስሙን አልጠራም። ባሕር ዳር፣ እኛ ሠፈር፣ ለአሮጊቶች ጄሪካን ተሸክሞ የሚያደርስ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚገኝ፣ ጨዋታው የማይጠገብ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። እኔም ወደድኩት።

መጠጡን ያላየ ሰው አልነበረም። ተወዳጅ ልጅ ሲጠጣ ግን ማን ይቆጣዋል? ታላላቆቹ «ይሄ ልጅ እኮ መጠጥ ይችላል!» እያሉ ድራፍት ይጋብዙታል። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል። ቶሎ የማይሰክር ልጅ ብዙ ስለሚጠጣ ለሱስ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ያደነቁለት አደጋውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ አረቄ ቤት ገብቶ መታወቂያ የተጠየቀ ልጅ ግን አላውቅም።

የምንገናኘው ጣና ዳር ነበር። ታንኳዎቹ እንጨት ጭነው ሲመጡ እያየን እንቀመጣለን። ከእጁ ሃይላንድ፣ ከአፉ ማስቲካ አይጠፋም። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ይመስላል፤ አረቄም ቀለም የለውም። አንድ ምሽት ስለ ወደፊታችን ሲነግረኝ አመሸ። እናቴ ጋ ሽማግሌ ሊልክ፣ የት ልንኖር፣ የምንወልዳትን ልጅ ስም ሳይቀር አወጣላት። በማግስቱ ስሟን ስጠራለት፣

«ማናት ደግሞ እሷ?» አለኝ።

እየዋሸኝ አልነበረም። አልኮል በብዛትና በፍጥነት ሲጠጣ አእምሮ አዲስ ነገር መመዝገብ ያቆማል። ሰውየው እያወራ፣ እየሳቀ፣ ቃል እየገባ፣ ነገ የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም። የፍቅራችን ግማሹ እኔ ጋ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ስንገናኝ ቀድሜ የማየው ዓይኑን ነው፣ ቀጥሎ እጁን። ጠዋት ማኪያቶ ሲያነሳ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ይንቃጨላል። እኔ ሌላ ቦታ የማይ እመስላለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናቱ ነጠላዬን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ አንቺን ይሰማሻል፤ እባክሽ ምከሪልኝ» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ጨንቋቸው ነው። ጸበልም ወስደውታል፣ ስለትም ተስለዋል። ግን እስቲ አስቡት፤ አባትና የንስሐ አባት ያቃታቸውን ነገር እንዴት ለአንዲት ተማሪ ይሰጧታል? መከርኩት። «ብትወደኝ ትተወው ነበር» አልኩት። ይወደኝም ነበር፣ ይጠጣም ነበር።

ለኔ ሲል በራሱ ለማቆም ሞክሮ ያውቃል። ላብ አጠመቀው፣ ተንዘፈዘፈ፣ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ሰውነት መጠጥ ከለመደ በኋላ በድንገት ማቆም እንደዚያ ሊጥል፣ ሊገድልም ይችላል፤ በሐኪም ክትትል መሆን አለበት። አጎቱ ናቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሱት። የምትሰሚኝ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ወደሽ ከሆነ ምክሩን ተይውና ቤተሰቡን ይዘሽ ሂጂ። እዚህ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ።

እሱ አሁን አይጠጣም፣ ተመስገን። እኛ ግን አልቀጠልንም፤ እኔ ለትምህርት ጎንደር ሄድኩ። «በክፉ ቀን ትተሽው ሄድሽ» ያሉኝ ነበሩ። ድራፍት ሲጋብዙት የነበሩት ናቸው።